እግርን የሚመዝን ፍሬን፦ የሎድ ሴል ፔዳል ታሪክ

በቡና መጋዘን ጆንያ የሚመዝነው ኤሌክትሮኒክ ሚዛን፣ በወጥ ቤት ዱቄት የሚለካው ጠፍጣፋ መለኪያ፣ በአውራ ጎዳና ዳር የጭነት መኪና ክብደት የሚያሳየው መሣሪያ፣ እንዲሁም አንድ ወጣት በመኝታ ቤቱ ከኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የሚረግጠው የእሽቅድድም ፍሬን አንድ ዝምድና አላቸው። በአራቱም ውስጥ ጭነትን ወይም ግፊትን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ አንዲት ትንሽ ብረት ትገኛለች። ይህች ብረት በዓለም ገበያ ሎድ ሴል ትባላለች። በመጋዘኑ የምትመዝነው ቡና ነው፤ በመኝታ ቤቱ የምትመዝነው የሰው እግር ነው።

ሚዛኑ ወደ ቤት ፔዳል ለመድረስ ግን ሰባ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። መንገዱን ያረዘመው የዕውቀት እጥረት አልነበረም። ፍሬን የሚታዘዘው ለእግር ኃይል መሆኑን የመኪና መሐንዲሶች ከ1920ዎቹ ጀምሮ ያውቁ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኃይልን የሚለካው ዘዴ በ1938 ተገኝቷል። ሁለቱን ያገናኘ የመኪና ጨዋታም በ1989 በመዝናኛ አዳራሾች ታይቷል። ይሁን እንጂ ለቤት የሚሸጠው ፔዳል ለረጅም ጊዜ ይናገር የነበረው እግር ምን ያህል እንደገፋ ሳይሆን የት እንደደረሰ ብቻ ነበር። ዛሬ በርካታ የቤት ውስጥ ተወዳዳሪዎች ገንዘብ ቆጥበው ፔዳላቸውን የሚለውጡት ይህንን የቆየ ስሕተት ለማረም ነው። ስሕተቱ ከየት መጣ? መታረሙስ ምን አስገኘ? ታሪኩን መለስ ብሎ ማየት መልሱን ግልጽ ያደርገዋል።

ፍሬን ለምን ይታዘዛል?

የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ፍሬን በዘንግ ወይም በገመድ የሚጎተት ነበር። ገመዶቹ እኩል ካልተወጠሩ አንደኛው ጎማ ቀድሞ ይያዝና መኪናው ወደ አንድ ወገን ይሳባል። ይህንን ችግር በፈሳሽ ግፊት ለመፍታት ከተነሡት መካከል አሜሪካዊው ማልኮም ሎክሂድ አንዱ ነበር። መሠረቱ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ሊቅ ብሌዝ ፓስካል የገለጸው ሕግ ነው፤ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ሲገፋ ግፊቱ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይዳረሳል። በ1921 የዱሰንበርግ ኩባንያ በአራቱም ጎማዎች ላይ የሚሠራ የፈሳሽ ፍሬን የተገጠመለትን መኪና ለገበያ አቀረበ። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ጂሚ መርፊ እንዲህ ያለ ፍሬን በተገጠመለት ዱሰንበርግ በሌ ማን ከተማ የተካሄደውን የፈረንሳይ ግራን ፕሪ አሸነፈ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ፍሬን ለነጂው እግር የሚሰጠው ስሜት ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ ፔዳሉ ቀለል ብሎ ጥቂት ይወርዳል፤ ይህ የፍሬን ሸራው ዲስኩን እስኪነካ ያለው ባዶ ጉዞ ነው። ሸራው ዲስኩን ከነካ በኋላ ግን የፍሬን ዘይቱ መሄጃ የለውም፤ ፈሳሽ ደግሞ በቀላሉ አይታመቅም። ከዚያ ወዲያ እግር ቢበረታ ፔዳሉ የሚወርደው ከቁጥር የማይገባ ነው። የሚጨምረው በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት፣ ግፊቱን ተከትሎም መኪናውን የሚያቆመው ኃይል ነው። እንግዲህ ጎማው ሊቆለፍ ጥቂት ሲቀረው መቆም የሚፈልግ ነጂ የሚያስታውሰው ፔዳሉ የደረሰበትን ቦታ አይደለም፤ እግሩ የሰጠውን ጉልበት ነው።

በተራ መኪና አብዛኛውን ጊዜ በሞተሩ የአየር ስበት የሚሠራ አጋዥ የእግርን ጉልበት ስለሚያበዛ ይህ ጠባይ ለስለስ ይላል። በፎርሙላ አንድ መኪና ላይ ግን ለእግር እንዲህ ያለ አጋዥ የለም። ነጂው ከረጅም ቀጥተኛ መንገድ ወደ ጠባብ መታጠፊያ ሲደርስ ፔዳሉን ከ100 ኪሎ ግራም በላይ በሆነ ኃይል ይረግጣል። በእህል ገበያ ቋንቋ ቢነገር፣ በአንድ እግር ኩንታል ጤፍ እንደመግፋት ያህል ነው።

የሰው አካልም ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ነው። ጣሊያናዊው ሊቅ ካሚሎ ጎልጂ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ በጡንቻና በጅማት መጋጠሚያ ላይ ውጥረትን የሚሰማ ረቂቅ የነርቭ አካል መኖሩን ገልጿል። እግር ሲገፋ ስንት እንደገፋ ለአንጎል የሚነግረው አንዱ ይህ አካል ነው። ነጂው ያን መልእክት በመደጋገም ይለምደዋል፤ ከለመደው በኋላ ሳያስብ ያደርገዋል።

ከተወጠረ ሽቦ የተገኘው ሚዛን

ኃይልን በኤሌክትሪክ የመለካት ታሪክ የሚጀምረው ከመኪና መፈጠር በፊት ነው። በኋላ ሎርድ ኬልቪን ተብሎ የተጠራው ዊሊያም ቶምሰን በ1856 አንድ የብረት ሽቦ ሲወጠር በውስጡ ለሚያልፈው ኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ እንደሚለወጥ አስታወቀ። ሽቦ ሲሳብ ይረዝማል፤ ይቀጥናልም። በረዘመና በቀጠነ ሽቦ ኤሌክትሪክ እንደ ቀድሞው በቀላሉ አያልፍም። ለውጡ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ይህን ጥቂት ለውጥ አጉልቶ ለማየት የሚያስችለው ዘዴ ደግሞ ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። አራት ተቃዋሚዎችን በአራት ማዕዘን አገናኝቶ ሚዛናቸው ሲዛባ ልዩነቱን የሚያነበውን ዑደት ሳሙኤል ሃንተር ክሪስቲ በ1833 ፈለሰፈው። በ1843 ያስተዋወቀው ቻርልስ ዊትስቶን ስለነበር ስሙ የዊትስቶን ድልድይ ሆኖ ቀረ።

ሽቦውን ከሚለካው ዕቃ ጋር አጣብቆ አንድ አካል የማድረግ ሐሳብ ግን እስከ 1938 ጠበቀ። በዚያ ዓመት በአሜሪካ ሁለት ዳርቻዎች ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ስለሌላው ሳያውቅ፣ ተመሳሳይ መፍትሔ ላይ ደረሱ። በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ኤድዋርድ ሲመንስ ብረቶች በድንገት ሲመቱ የሚደርስባቸውን ኃይል ለመለካት በሚደረግ ምርምር ላይ ይሠራ ነበር። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም አርተር ሩጅ ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ በውኃ ታንከሮች ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ያጠና ነበር። ለጥናቱ የሠራቸው ትንንሽ ታንከሮች ግድግዳቸው እጅግ ስስ ስለነበር በጊዜው የነበሩት መለኪያዎች አይስማሟቸውም ነበር። መለኪያው ራሱ ግድግዳውን ያከብደዋልና። መፍትሔው ቀጭን ሽቦ ወስዶ በማጣበቂያ መለጠፍ ሆነ። ግድግዳው ሲለጠጥ ሽቦውም አብሮ ይለጠጣል፤ መለጠጡም በኤሌክትሪክ ይነበባል።

ይህ ግኝት ምን ያህል እንደሚጠቅም መጀመሪያ ላይ የተረዱት ጥቂቶች ነበሩ። የሩጅ ተቋም የፈጠራ መብት ኮሚቴ መለኪያው ያን ያህል የንግድ ዋጋ እንደማይኖረው ገምቶ መብቱን ለሩጅ ተወለት። ሲመንስ ደግሞ ከተቋሙ ጋር በፈጠራው ባለቤትነት ተሟግቶ በ1949 በካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ረታ። ኮሚቴው ዋጋ የለውም ያለው መለኪያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአውሮፕላን ክንፎችን ጥንካሬ ለመፈተን በሰፊው ዋለ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ የሳውንደርስ ሮ ኩባንያ ሽቦውን በስስ የብረት ቅጠል መተካት ከተቻለ በኋላ ደግሞ በብዛት ለማምረት ቀለለ። የሚለካውን ጭነት በምትሸከም አነስተኛ ብረት ላይ አራት እንዲህ ያሉ ቅጠሎች ተለጥፈው በዊትስቶን ድልድይ ሲያያዙ ሎድ ሴል ይሆናሉ። ገበያው የስንዝር ሚዛኑን ቀስ በቀስ በዚህ የተካው ከዚያ ወዲህ ነው።

አዳራሹ ቀድሞ ያወቀው

የመኪና ጨዋታ ከፔዳል ጋር የተዋወቀው ገና ከጅምሩ ነው። በ1974 የአታሪ ኩባንያ ያወጣው ግራን ትራክ 10 መሪ፣ ማርሽ መቀየሪያ፣ የነዳጅና የፍሬን ፔዳል ነበረው። ፔዳሎቹ ግን እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ ቁልፍ ቢሠሩም ለጨዋታው ይበቁ ነበር። በመስኮቱ ላይ የምትታየው መኪና ከላይ የምትታይ ጥቂት ነጥብ ነበረችና፣ ጎማዋ ሲቆለፍና ሲላቀቅ ያለውን ልዩነት ማሳየት የሚችል ኮምፒውተር ገና አልነበረም።

ሁኔታው የተለወጠው በ1989 አታሪ ጌምስ ሃርድ ድራይቪን የተባለውን ጨዋታ ሲያወጣ ነው። ይህ ጨዋታ ከተራ መዝናኛ ይልቅ ወደ መንጃ ትምህርት ቤት የቀረበ ነበር። መሪው ለእጅ ይታገላል፤ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ አለው፤ ካምቢዮው ያለ ፍሪሲዮን ቢጎተት እምቢ ይላል። የመኪናውን ጠባይ በስሌት ለማስመሰል ከአማካሪዎቹ አንዱ የነበረው የመኪና ጠባይ ሊቅ ዳግ ሚሊከን ነው። መቀመጫ ያለው ትልቁ ሞዴል የተገጠመለት ፍሬንም የሚለካው የፔዳሉን ቦታ ሳይሆን የእግርን ኃይል ነበር። ማለትም የዛሬው የቤት ተወዳዳሪ እንደ አዲስ ነገር የሚገዛው ዘዴ በ1989 ሳንቲም እያስገባ በሚጫወት ሰው እግር ሥር ይገኝ ነበር። ብልሃቱ የታወቀ ቢሆንም በከባድ ብረት ሳጥን ውስጥ የተሠራና ለአዳራሽ ባለቤቶች የሚሸጥ ዕቃ በመሆኑ ወደ ቤት አልተከተለም።

ወደ ቤት ሲገባ የቀለለው

በ1989 የአሜሪካው ፓፒረስ ኩባንያ ኢንዲያናፖሊስ 500ን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም እንግሊዛዊው ጄፍ ክራመንድ የፎርሙላ አንድ ግራን ፕሪ ጨዋታውን ለቤት ኮምፒውተር አቀረቡ። ሲም ሬሲንግ በሚል ስም የሚታወቀው የቤት ውስጥ ምስለ እሽቅድድም የተወለደው በእነዚህ ሥራዎች ነው። የፓፒረስ ግራን ፕሪ ሌጀንድስ በ1998 ሲወጣ የ1967ቱን የፎርሙላ አንድ መኪናዎች ጠባይ በጥንቃቄ ከማስመሰሉ የተነሣ ብዙ ጀማሪዎች የመጀመሪያውን መታጠፊያ እንኳ ማለፍ ይቸግራቸው ነበር።

ሶፍትዌሩ እንዲህ ሲጠነክር ፔዳሉ ባለበት ቀረ። ለቤት የሚሸጡት ፔዳሎች በአብዛኛው በፖቴንሽዮሜትር የሚሠሩ ነበሩ። ይህ የአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ በውስጡ ያለው ዓይነት ተዟዟሪ ክፍል ነው። ፔዳሉ ሲወርድ አንዲት ምላስ በካርቦን መስመር ላይ ትንሸራተታለች፤ ኮምፒውተሩም ምላሷ የት እንደደረሰች ያነባል። ዋጋው ርካሽ ነው። ከጊዜ በኋላ ግን መስመሩ ይበላል፤ አቧራ ይገባበታል፤ ያልተረገጠ ፍሬን እንደተረገጠ መስሎ መታየት ይጀምራል። በኤድዊን ሆል ስም በሚጠራው የ1879 ግኝት ላይ የተመሠረተው የማግኔት መለኪያ ይህን የመበላት ችግር ፈታ። ዋናው ጉድለት ግን አልተነካም፤ እርሱም የሚለካው ቦታን ነውና።

ጉድለቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። ጉዞው በጠቅላላ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፔዳል ይታሰብ። ነጂው የፍሬኑን አቅም ከ80 ወደ 85 በመቶ ከፍ ማድረግ ቢፈልግ እግሩን 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ማንቀሳቀስ አለበት። ጫማ ያጠለቀ እግር፣ ያውም በውድድር ጥድፊያ፣ ይህችን ለይቶ በየዙሩ መድገም ይከብደዋል። በአንጻሩ ከፍተኛ መጠኑ 60 ኪሎ ግራም በሆነ የኃይል ፔዳል ላይ ተመሳሳዩ ጭማሪ 3 ኪሎ ግራም ነው። ይህን እግር ይለየዋል።

ታዲያ አምራቾቹ ለምን ቦታን መረጡ? ምክንያቱ ዋጋ ብቻ አልነበረም። የቤቱ ሁኔታም አስገድዷቸዋል። ገዢው የሚቀመጠው ጎማ ባለው የቢሮ ወንበር ላይ ነው፤ ፔዳሉም ምንጣፍ ላይ ያርፋል። ኒውተን በ1687 እንዳስተማረው እያንዳንዱ ግፊት እኩል መልስ አለው። ያ ሰው ፔዳሉን በ60 ኪሎ ግራም ቢገፋ ፔዳሉ ወደ ግድግዳው፣ ወንበሩም ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ስለዚህ ፔዳሉ ለስላሳ ሞላ ተገጠመለት፤ ለስላሳ ሞላ ካለው ደግሞ ቦታን መለካት በቂ መስሎ ታየ። በ2006 ሎጂቴክ ያወጣው ጂ25 ሦስት የብረት ፔዳሎች ከነፍሪሲዮኑ ይዞ በመምጣቱ ትልቅ እርምጃ ተባለ፤ ፍሬኑ ግን እንደ ቀድሞው በፖቴንሽዮሜትር የሚሠራ ነበር። ተጫዋቾቹ ራሳቸው ከሞላው ሥር ጠንካራ ላስቲክ ወይም የኳስ ቁራጭ እየከተቱ ፔዳሉን ለማጠንከር ይሞክሩ ነበር። ይህ ልማድ እግራቸው ምን እንደጎደለው ማወቁን ያሳያል።

ከሰማይ የመጣ ትምህርት

ኃይልን ብቻ መለካት መፍትሔ ይሆናል ብሎ መደምደምም አይቻልም። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው ከአውሮፕላን ታሪክ የተገኘ ልምድ ነው። በ1974 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ኤፍ-16 ተዋጊ አውሮፕላን መሪ ዘንጉ በአብራሪው ቀኝ በኩል የተተከለ ነበር። ዘንጉ አይንቀሳቀስም፤ የሚለካው እጅ የሰጠውን ኃይል ብቻ ነው። በስሌት ረገድ እንከን የሌለው ሐሳብ ነበር። አብራሪዎቹ ግን ፈጽሞ የማይነቃነቅ ነገር ሲይዙ ምን ያህል እንደገፉ መገመት ስለቸገራቸው ከሚፈለገው በላይ ይስቡ ነበር። መሐንዲሶቹም ዘንጉ ጥቂት ሚሊ ሜትር እንዲነቃነቅ አደረጉ። ያች ጥቂት እንቅስቃሴ ለመለኪያው አታስፈልግም ነበር፤ የምታስፈልገው ለሰውየው ነው።

በፍሬን ፔዳልም የሆነው ይኸው ነው። ሎድ ሴል ራሱ ሲጫን የሚታጠፈው ዓይን ከሚያየው በታች ነው። ያለ ሌላ ነገር ቢገጠም እግር ግድግዳ የሚረግጥ ይመስለዋል። ስለዚህ በፔዳሉና በመለኪያው መካከል ጠንካራ ላስቲኮች ወይም ሞላዎች ይደረደራሉ። አንዳንዶቹም በመጀመሪያ ቀለል ያለ ጉዞ፣ ቀጥሎ ጠንካራ ግፊት እንዲሰጡ ተደርገው ይሠራሉ። ይህም ሸራው ዲስኩን ከመንካቱ በፊትና በኋላ ያለውን የእውነተኛ ፍሬን ስሜት ለመምሰል ነው። እንግዲህ ጥሩ ፔዳል ኃይልን ይለካል፤ እንቅስቃሴን ደግሞ ለእግር ማስተዋያ ይተዋል።

ሚዛኑ ቤት ሲደርስ

ለለውጡ ሁለት ነገሮች ተገናኙ። አንደኛው የውድድሩ መጠንከር ነው። ከግራን ፕሪ ሌጀንድስ ፈጣሪዎች አንዱ የነበረው ዴቭ ኬመር ከባለሀብቱ ጆን ሄንሪ ጋር ያቋቋመው አይሬሲንግ በ2008 ለሕዝብ ሲከፈት ተወዳዳሪዎች በኢንተርኔት በየሰዓቱ የሚገናኙበት፣ የእያንዳንዱ ሰው ችሎታና ጥንቃቄ በነጥብ የሚመዘገብበት መድረክ ተፈጠረ። ከሌላው መኪና ኋላ ሆኖ በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ማቆም ያልቻለ ሰው ነጥቡን ያጣል። ሁለተኛው የመለኪያው መርከስ ነው። ለወጥ ቤትና ለሱቅ ሚዛን ሲባል ሎድ ሴልና ምልክቱን የሚያጎላው ክፍል በቻይና በብዛት ይመረቱ ጀመር።

የማጉያው ነገር ቀላል አይደለም። አንድ የተለመደ ሎድ ሴል በ5 ቮልት ሲሠራ እስከ ጫፍ ሲጫን የሚሰጠው ምልክት የአንድ ቮልት መቶኛ ያህል ብቻ ነው። ይህን ማንበብ ለሚችል የቤት ሠሪ ግን መንገዱ ተከፍቶ ነበር። ለሚዛን ተብሎ የተሠራው ኤች ኤክስ 711 የተባለው ርካሽ ክፍል በሰከንድ 10 ወይም 80 ጊዜ ያነባል። ለሽንኩርት ሚዛን 10 ጊዜ ይበቃል። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ለሚበር መኪና ግን በሁለት ንባቦች መካከል 5 ሜትር ተኩል ያልፋል፤ በ80ው ንባብ ርቀቱ ወደ 70 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። የሚዛንና የፔዳል ልዩነት በዚህ ይታያል፤ ሚዛን ጭነቱ እስኪረጋ ይጠብቃል፤ ፍሬን ግን ጊዜ የለውም።

የኩባንያዎቹም ፉክክር ተከተለ። የጀርመኑ ፋናቴክ ክለብስፖርት በተባሉት ፔዳሎቹ ሎድ ሴልን ለሰፊው ገበያ ካቀረቡት ቀዳሚዎች አንዱ ሆነ። በኔዘርላንድስ ኒልስ ሄውሲንክፌልድ ያቋቋመው ድርጅት በሦስቱም ፔዳሎች ላይ ሎድ ሴል እየገጠመ ይሠራ ጀመር። ስፕሪንት የተባለው ሥራው እስከ 65 ኪሎ ግራም፣ አልቲሜት የተባለው ደግሞ እስከ 140 ኪሎ ግራም የእግር ኃይል ይቀበላል። በ2020 ትራስትማስተር ቲ-ኤልሲኤም የተባለውን ባለ 100 ኪሎ ግራም ሎድ ሴል ፔዳል በ200 የአሜሪካ ዶላር አካባቢ ለገበያ ሲያቀርብ ነገሩ የባለጸጎች ብቻ መሆኑ ቀረ። በ2021 ፋናቴክ አንድ ተራ ፔዳል ገዝቶ የሎድ ሴሉን ክፍል በኋላ ለብቻው መጨመር የሚቻልበትን መንገድ አመጣ። በ2022 ደግሞ ለዓመታት በፖቴንሽዮሜትር የጸናው ሎጂቴክ ራሱ ፕሮ በተባለው ፔዳሉ ወደ ሎድ ሴል ዞረ።

በመካከሉ የዓለም ወረርሽኝ መጣ። በመጋቢት 2020 ውድድሮች ሲሰረዙ ፎርሙላ አንድና ናስካር ነጂዎቻቸውን በቤታቸው ሆነው በኮምፒውተር አወዳደሩ፤ ውድድሩም በቴሌቪዥን ተላለፈ። እውነተኛ መኪና የሚነዱ ሰዎች ከቤት ተጫዋቾች ጋር በአንድ መስመር መቆማቸው ምስለ እሽቅድድም ተራ ጨዋታ ነው የሚለውን አስተያየት አላላው፤ የመሣሪያውንም ፍላጎት አሳደገው። ከዚህም በኋላ ዕድገቱ አልቆመም። በ2023 የፊንላንዱ ሲሙኪዩብ በሞተር የሚሠራ ፔዳል ለገበያ አዋለ። ይህ ፔዳል የተለያዩ መኪናዎችን ፍሬን ስሜት በሶፍትዌር ይመስላል፤ ጎማ ሲቆለፍም ለእግር ያንቀጠቅጣል። የገበያው ፍጥነት ግን ለሁሉም አልበጀም። የፋናቴክ እናት ኩባንያ በ2024 በዕዳ ወድቆ ንብረቱ ወደ አሜሪካው ኮርሴር ተዛወረ።

የበረታ ሁሉ የተሻለ ነውን?

ከዚህ ታሪክ አንድ የተሳሳተ መደምደሚያ ሊወሰድ ይችላል፤ ኪሎው በበዛ ቁጥር ፔዳሉ እውነተኛ ይሆናል የሚል። በማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ራሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሊያመለክት ይችላል። አንዱ ሎድ ሴሉ የሚሸከመው ጭነት፣ ሌላው እግር የሚሰጠው ኃይል ነው። ፔዳል እንደ መፈንቀያ ዘንግ ስለሚሠራ ሁለቱ እኩል አይሆኑም። ከዚህም ሌላ በፔዳሉ ሶፍትዌር ውስጥ ስንት ኪሎ ሙሉ ፍሬን ተደርጎ እንደሚቆጠር ተጠቃሚው ራሱ ይወስናል። 100 ኪሎ የሚችል ፔዳል በ40 ኪሎ ላይ ቢወሰን የሚያሳፍር ነገር የለውም። የእግርን ልክ ያላወቀ ሰው ግን ከግማሽ ሰዓት ውድድር በኋላ ጭኑ ሲንቀጠቀጥ ያገኘዋል።

ይህ ነጥብ በምሥራቅ አፍሪካ ምድር ላይ ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በ1953 ለንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ መጫን መታሰቢያ የተጀመረው ሳፋሪ ራሊ በ1973 የዓለም ራሊ ሻምፒዮና አካል ሆነ፤ ከ2002 በኋላ ከዚያ መድረክ ጠፍቶ ቆየ። በ2020 ወደ ኬንያ እንዲመለስ ተወስኖ ሳለ በወረርሽኙ ምክንያት ተሰረዘ፤ በእውን የተመለሰው በ2021 ነው። በዚያው በ2020 የወጣው ደብልዩአርሲ 9 የተባለው ጨዋታ ግን የኬንያን መንገዶች አካትቶ ስለነበር፣ በዚያ ዓመት ሳፋሪን መንዳት የተቻለው በቤት ብቻ ነበር። በአቧራና በጠጠር መንገድ ጎማ የሚይዘው መሬት ስለሚከዳው ከአስፋልት ይልቅ በጥቂት ኃይል ይቆለፋል። ለፎርሙላ አንድ የሚመቸው የኩንታል እርግጫ እዚህ መኪናውን ከመንገድ ያስወጣዋል። የሚያስፈልገው ጥቂት ኪሎ መጨመርና መቀነስን አሳምሮ ማወቅ ነው። ነጂው ወደ መታጠፊያ ሲገባ ፍሬኑን በአንድ ጊዜ አይለቅም፤ ቀስ እያለ ያቀለዋል። የመኪናው ክብደት በፊት ጎማዎች ላይ ሲቆይ አፍንጫዋ ወደ ውስጥ ትዞራለች። ሎድ ሴል ከሁሉ ይልቅ የሚያገለግለው ለዚህ ለመልቀቅ ጥበብ ነው፤ እየላላ የሚሄድ ኃይልን እግር ከርቀት ይልቅ በጉልበት ስለሚቆጥረው።

ወጪውስ? አዲሱ ፔዳል ብቻውን አይመጣም። ጠንካራ ማሰሪያና የማይሸሽ ወንበር ይጠይቃል፤ ያ ባልተሟላበት ቤት ከተራው ፔዳል ያልተሻለ አገልግሎት ይሰጣል። የገዛው ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፍጥነቱ ቢቀንስም አያስደንቅም፤ እግሩ በሞላ የለመደውን ረስቶ በክብደት እንደገና መማር አለበት። ከተማረ በኋላ የሚያገኘው ትልቁ ጥቅም አንዲት ፈጣን ዙር ሳትሆን ተመሳሳይ ዙሮችን መደጋገም መቻሉ ነው። ረጅም ውድድር የሚጨርሰውም ይህን የቻለ ነው።

በቤት ወንበር ላይ የተቀመጠ ነጂ ሰውነቱ ወደ ፊት አይወረወርም፤ የመቀመጫ ቀበቶ ደረቱን አይጫነውም፤ የጎማ ሽታ አይሰማውም። መኪናው እየቆመ መሆኑን የሚነግሩት ዓይኑ፣ ጆሮው፣ መሪ የያዘው እጁና እግሩ ብቻ ናቸው። ከእነዚህ መካከል እግር ለረጅም ዘመን ሐሰተኛ ወሬ ሲነገረው ቆይቷል። ሩጅ በታንከር ግድግዳ ላይ፣ ሲመንስ በሚመታ ብረት ላይ የለጠፉት ቀጭን ሽቦ ዛሬ ለዚያ እግር የገፋውን ያህል፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ይመዝንለታል።